ስም ያልተለጠፈባቸው ሳህኖች

በከተማችን በቶርቪክ ምግብ ይዞልህ የሚመጣ ሰው ሳህኑን ባዶውን እንድትመልስለት ከታች በነጭ ፕላስተር ስሙን ጽፎ ይለጥፋል። እኔ ስሜን ያልለጠፍኩበት ሳህን ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲወልድ፣ ሰው እግሩን ሲሰበር የሚዞረው ያው ሳህን ነው፤ ዞሮ ዞሮ ባለቤቱ ጋ ይመለሳል። ስለዚህ ወንድሜ ኖርበርት ሐምሌ ላይ ጓሮ በር ደረጃው ላይ አንድ ሳህን ሙሉ ሆትዲሽ፣ ያን በምድጃ የሚጋገር የድንችና የሥጋ ምግብ፣ አግኝቶ፣ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ታቹን ሲያየው ባዶ ሲሆንበት፣ ወዲያው ስልክ አንስቶ ለእኔ ደወለ።

«ኢዮን፣ ሊያጠምዱን ነው።»

«ደግሞ ማን ነው የሚያጠምድህ?»

«ሆትዲሽ መጣ።»

«ታዲያ ብላዋ! ድንችና ሥጋ ምን ያደርግሃል?»

«ስም የለውም።»

እውነቱን ለመናገር እኔንም አልጣመኝም። በእኛ ቤት ጥርጣሬ ከአባታችን የወረስነው ብቸኛ ንብረት ነው፤ ኖርበርት ደግሞ የታላቅነቴን ድርሻ ጭምር ወስዶታል።

ያን ጊዜ ቤታቸው ምን ላይ እንደነበረ ልንገራችሁ። የወንድሜ ሚስት ማቪስ የግዛታችን ምክር ቤት አባል ናት። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር። በግዛታችን አንድ ሕግ አለ፤ ምክር ቤቱ በጀቱን በጊዜው ካላጸደቀ የአባላቱ ደመወዝና አበል ይቆማል፣ የቆመውም ተመልሶ አይከፈልም። ሕዝቡ በድምፁ ሲያጸድቀው አገር ምድሩ አጨብጭቧል፤ «ይራቡና ይሥሩ!» ተብሎ። እኔ ግን ገና ስሰማው ያረቀቀው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ግማሽ ከተማ የሚያከራይ ሰው ነው አሉኝ። እሱ ደመወዙ ቢቀርበት ምን ይሆናል? ውሻው እንኳ አያውቅለትም። ማቪስ ግን ከዚያ ደመወዝ ሌላ የላትም። ኖርበርት እህል ጎተራው ውስጥ ሲሠራ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው።

በጀቱ ታዲያ አላለፈም። ያላለፈውም በማቪስ ምክንያት ነው። ረቂቁ ውስጥ የትንንሽ ሆስፒታሎችን ማዋለጃ ክፍሎች የሚዘጋ አንቀጽ አለ፤ የእኛም አንዱ ነው። እሱ ከተዘጋ የቶርቪክ ሴት ምጥ ሲመጣባት ሩቅ ከተማ፣ ሊንደንበርግ ድረስ መሄድ አለባት፣ በበረዶም ቢሆን። ማቪስ «ያ አንቀጽ ካልወጣ ድምፄን አልሰጥም» አለች። እሷ ተቃውማ ስትቆም ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆንና በጀቱ ይወድቃል። እሷ ባትኖር በአንድ ድምፅ ያልፋል። ዋናው ከተማ ያሉት ጌቶች ይህን ስለሚያውቁ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ። እስክትራብ ነው የሚጠብቋት። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ ስም የሌለው ሳህን ደረጃው ላይ የተገኘው። በነጋታው ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ኖርበርት አንዱንም አልበላ አለ። ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ያለው ፍሪዘር ውስጥ ደረደራቸውና «ማስረጃ ነው» አለኝ። ራሱ ቆሞ የጣሳ ባቄላ በማንኪያ ይበላ ነበር፤ ከጣሳው።

«ደንቡን ታውቂዋለሽ» አለኝ። «ከበጀቱ የሚጠቀም ወይም የሚጎዳ ሰው ለአባል ቤተሰብ ስጦታ ሰጥቶ ከተበላ፣ ኮሚቴው ጉዳዩን እስኪያጣራ ማቪስ ድምፅ አትሰጥም። አንድ ሆትዲሽ በልቼ ቁጭ ስል አንዱ ብቅ ብሎ 'እኔ ነኝ የሰጠሁት' ሊል ነው። ከዚያ አበቃ!»

«ማን ነው ብቅ የሚለው?»

«ማን ይመስልሻል?» አለና ዓይኑን አጠበበ። «ዱዌይን ነዋ።»

ዱዌይን ክሬብስ ማለት ማቪስ ከመመረጧ በፊት ወንበሯ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ነው። በምርጫ ከረታችው በኋላ መንገድ ሠሪዎች ቀጥረውት ለእነሱ ይሟገታል፤ በጀቱ ካላለፈ ደግሞ መንገድ አይሠራም። እኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመጣው፣ እኛው መደዳ ነው የሚቀመጠው። ሲያገኘኝ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል። ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ሰው እኔ አላምንም።

አንድ ቀን ኖርበርት አስጠራኝ። ጋራዡ ውስጥ ሳህኖቹን አውጥቶ፣ አቅልጦና አሙቆ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል። ሁለት ማንኪያም አዘጋጅቷል።

«ቅመሽና የማን እጅ እንደሆነ ንገሪኝ። በዚህ ከተማ የማንን ምግብ ያልበላሽ አለ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አልበላም አላልክም?»

«መብላት አይደለም። ምርመራ ነው።»

መረመርን። እሱ ከሁሉም ላይ አንድ አንድ ማንኪያ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ «እርግጠኛ ለመሆን» እያለ ደገመ። የራበው ሰው ነው፤ ዓይኔን ዞር አደረግሁለት። ሁሉም የአንድ ሰው እጅ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። አንዱ ጨው ይጎድለዋል፣ አንዱ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ አንዱ ደግሞ በቆሎ ገብቶበታል።

«በቆሎ!» አለ ኖርበርት። «ሆትዲሽ ላይ በቆሎ የሚጨምር ማን ነው?»

«አርሊስ ትጨምራለች» አልኩ። አርሊስ የዱዌይን ሚስት ናት።

ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «አላልኩሽም? ሌሎቹን ደግሞ ለጓደኞቿ አከፋፍላ ነው የምታሠራው። በድርጅት ነው የመጡብን!»

ከዚያ በኋላ ኖርበርት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ወንበር አስጠግቶ በበሩ ስንጥቅ ጓሮውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጣለውና አንቀላፋ። ሲነቃ ደረጃው ላይ የፖም ኬክ ተቀምጧል፣ ገና ትኩስ። እንደዚያ ቀን ሲናደድ አይቼው አላውቅም። «ይስቁብኛል! ቆመው አይተውኝ ሄደዋል!» ይላል። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅኩም።

ቅዳሜ ማቪስ ከዋናው ከተማ መጣች። ከስታ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ። እኔ የአትክልት ቦታዬን ሰላጣ ይዤላቸው ሄጄ ስለነበር ሁሉን አይቻለሁ። አይስክሬም ፍለጋ ፍሪዘሩን ከፈተችና እንደቆመች ቀረች።

«ኖርበርት፣ ይሄ ሁሉ ከየት ነው?»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ለማን ምን ቃል ገባሽ ማለቴ ነው። ሰው በነጻ ይሄን ሁሉ አያበላም።»

ማቪስ ፍሪዘሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፣ ያ ነው ያስፈራኝ። «እኔ ነኝ ቃል የገባሁት? እኔ እዚያ ሳንድዊች ለሁለት ከፍዬ ምሳና እራት እያደረግሁ፣ አንተ እዚህ ማን እያበላህ እንደሆነ ሳታውቅ ፍሪዘር ትሞላለህ? ማንን አነጋገርክ? ዱዌይንን አነጋገርክ?»

«እኔ? ዱዌይንን? ኢዮን ትመስክር!»

«እኔን እዚህ ውስጥ አታግቡኝ» አልኩ። ሰላጣዬን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ለጥቂት ጊዜ ተያዩ። ትዳራቸውን ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ሲተያዩ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በኋላ ማቪስ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ ታቻቸውን አየች። የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ፤ ፊቷ ለዘብ አለ። መልሳ አስገባቻቸው።

«ስማኝ» አለችው። «ማን እንዳመጣቸው ማወቅ አልፈልግም። አንተም እንድታውቅ አልፈልግም። ተዋቸው። ማክሰኞ ድምፅ ይሰጣል፤ እስከ ማክሰኞ ዝም በል።»

«ለምን?»

«እኔ ስላልኩ!»

ይህን ብላ ልትተኛ ወጣች። ያን ጊዜ ምክንያቱን ብትነግረው ኖሮ እላለሁ። ግን ደክሟታል፣ ደግሞም ባሏ ጠርጥሯታል፤ እኔም ብሆን አልነግረውም ነበር። ኖርበርት ደጃፍ ድረስ ሸኘኝና በሹክሹክታ «አየሻት?» አለኝ። «ማወቅ አልፈልግም አለች። ማወቅ የማይፈልግ ሰው የሚያውቅ ሰው ነው። አስፈራርተዋታል ወይ ደልለዋታል። ከዚህ ጣጣ እኔ አወጣታለሁ። የሰው ሳህን በሰው ፊት ከተመለሰ ንጹሕ ነን።»

እሑድ የአምልኮው ሥርዓት እንዳለቀ እንደተለመደው ሁላችንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረድን። ሎሚናዳና ኬክ አለ። ማቪስ እላይ ከፓስተሩ ጋር እያወራች ቀርታለች። ኖርበርት በጎን በር ሳህኖቹን በካርቶን ከመኪናው እያመላለሰ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ወገቡ እያመመው ነው፤ ላግዝህ ብለው እምቢ አለ። ሰዉ ወሬውን እያቆመ ያየው ጀመር።

«ጎረቤቶቼ!» አለ። «አንድ ሰው በስውር ምግብ እያመጣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል። ስሙን አይጽፍም። እኛ ከተማ ስሙን ሳይጽፍ ምግብ የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሚስቴ ተርባ እንድትሸጥ የሚፈልግ ሰው ነው! የናንተን ማዋለጃ ክፍል ለመዝጋት በድንችና በሥጋ ሊገዛን የመጣ ሌባ ነው! ባለቤቱ ወንድ ከሆነ መጥቶ ሳህኑን ይውሰድ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ከወጥ ቤቱ መስኮት ጀርባ በርናዲን፣ የሆስፒታላችን አዋላጅ ነርስ፣ ራሷን ግራና ቀኝ በኃይል ትነቀንቃለች። ለእሱ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለሴቶቹ ነበር፤ እንዳይነሱ።

«ግድ የለም!» አለ ኖርበርት። ቀጥ ብሎ ያየው አርሊስን ነው። «እያንዳንዱን ቀምሼዋለሁ! እዚህ ውስጥ በቆሎ የጨመረች ሰው ራሷን ታውቃለች!»

አርሊስ ግራ ገብቷት ባሏን አየች። ዱዌይን ኬኩን ያኝካል። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተገፋ፤ ካይሊን ተነሳች። ካይሊን ከአውራ ጎዳናው ዳር ነዳጅ ማደያ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ሆዷ ገና ብዙም አልታየም። ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«በቆሎው የኔ ነው» አለች። «ሌባ አይደለሁም።»

«ካይሊን፣ ተቀመጪ» አለች በርናዲን ከመስኮቱ።

«አልቀመጥም! ሌባ ብሎኛል እኮ!» አለችና ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሳህኗን አነሳች። «ጥር ላይ ነው የምወልደው። ማቪስ ለእኛ ብላ ነው ደመወዟ የቆመው። ምን ላድርግ ታዲያ? ያለኝን ሠራሁ። በርናዲን ስም አትጻፉ አለችን፤ አልጻፍንም።»

ብቻዋን ቆማ እንድትቀር አልተዉአትም። አንዷ ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሳች፣ ከዚያ አንዷ ከእናቷ ጋር፣ ከዚያ የአናጺው ሚስት። አንድ በአንድ እየመጡ ሳህናቸውን አነሱ። ጨው የጎደለው የማን እንደሆነ፣ ሽንኩርቱ ያልበሰለው የማን እንደሆነ ሁሉም ታወቀ። ኖርበርት አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ደስ ይበለው ይፈር አያውቅም፤ መጀመሪያ ደስ ያለው ይመስለኛል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «እኔ እኮ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው። ይቅርታ፣ ካይሊን።»

ዱዌይን ክሬብስ ያን ጊዜ ኬኩን አስቀመጠ። ጣቶቹን በናፕኪን ጠረገ።

«ኖርበርት» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁሉንም ቀምሻለሁ ነው ያልከው?»

እኔ ሎሚናዳዬን አስቀመጥኩ።

«ትንሽ ነው» አለ ኖርበርት። «ለምርመራ።»

«እነዚህ እመቤቶች ደግሞ ማዋለጃ ክፍሉ ከተዘጋ የሚጎዱ ናቸው።» ዱዌይን ስልኩን አወጣና ሳህናቸውን ያቀፉትን ሴቶች ፎቶ አነሳቸው። «እኔ ምንም ክፉ ነገር አልልም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ አንድ ጣሳ ማር በልቼ ይህንኑ ደንብ ጠቅሰውብኛል። ታስታውሳለህ ማን እንደጠቀሰው።»

የጠቀሰው ኖርበርት ነበር። በምርጫው ጊዜ። ከተማው ሁሉ ያስታውሳል።

በርናዲን ከወጥ ቤት ወጥታ መጣች፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። «ጠበቃ ጠይቄ ነበር» አለች ለኖርበርት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማን እንደሰጠ ካልታወቀ፣ የሚጎዳ ሰው ሰጠ ሊባል አይችልም ብሎኛል። አንተ የነጭ ፕላስተር ልጅ! አንድ ጊዜ እንኳ ሳትገለብጥ ብትበላ ምን ነበረበት?»

ማቪስ ደረጃው መጨረሻ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወረደች አላየሁም። ሴቶቹን አየች፣ ሳህኖቹን አየች፣ የዱዌይንን ስልክ አየች። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ የእሑድ ቀሚሷን ሳትሰበስብ። ካይሊን ሮጣ ሄዳ «አጠፋሁ እንዴ? ማቪስ፣ አጠፋሁ እንዴ?» ትላታለች። ማቪስ እጇን ይዛ «አንቺ አላጠፋሽም» አለቻት። «አንቺ» የምትለውን ቃል ጠበቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ኖርበርት ሰምቷል።

ሰኞ ዱዌይን ክሱን አቀረበ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር እንደሚሰበሰብ ለማቪስ ተነገራት። እስከዚያ በጀቱ ላይ ድምፅ መስጠት አትችልም። ማቪስ ሄዳ ተከራከረች፤ አንድ ማንኪያ ሆትዲሽ ነው አለች፤ አንድ ማንኪያም ስጦታ ነው አሏት። እስክትራብ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች ለደንቡ ያላቸው አክብሮት ድንገት ባሰባቸው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ እኔና በርናዲን ኖርበርት ቤት ሄድን። ካይሊንም መጣች፤ ማንም አልጠራትም። ድምፅ አሰጣጡ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። የአባላቱ ስም ግድግዳው ላይ ባለ ሰሌዳ ተደርድሯል፤ ደጋፊው አረንጓዴ፣ ተቃዋሚው ቀይ ይበራበታል። ማቪስ ወንበሯ ላይ አለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ስሟ አጠገብ ምንም አልበራም። ኖርበርት ሶፋው ላይ ወደ ፊት አጎንብሶ ያንን ባዶ ቦታ ብቻ ያያል፤ አሁን ይበራል ብሎ የሚጠብቅ ይመስል።

በጀቱ በአንድ ድምፅ አለፈ።

አፈ ጉባኤው መዶሻውን መታና የአባላት ደመወዝ ከዛሬ ጀምሮ መከፈል እንደሚጀምር አስታወቀ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ተነስቶ ኪሱን መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ የበለጠ ተሳቀ። ግማሽ ከተማ የሚያከራየው ሰው ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ ነው ብዬ ግን አምናለሁ።

ካይሊን ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ውጭ በቆሎው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ፀሐይ ነው፤ መንገዱ ደረቅና ባዶ ነው።

«ጥር ላይ ሊንደንበርግ ለመድረስ ስንት ይፈጃል?» አለች። ማንን እንደጠየቀች አልታወቀም።

በርናዲን ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«በረዶው ከመንገዱ ከተጠረገ ሁለት ሰዓት» አለ ኖርበርት።

«ካልተጠረገስ?»

ጥርጣሬ የማያጣው ወንድሜ፣ ለሁሉም ነገር ሌላ ምክንያት የሚፈልገው ሰውዬ፣ አሁን የሚጠረጥረው ነገር አልነበረውም።

«አይደረስም» አላት።